የአባቴን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ

ከዱባይ ለአንድ ወር ፈቃድ በመጣሁ በማግስቱ፣ ለአባቴ ቁርስ ይዤ ወደ መኝታ ክፍሉ ስሄድ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ በልቤ እስከ አምስት ቆጠርኩ። በሩ ደግሞ በር አይደለም። እናቴ በደህናው ጊዜ የሰቀለችው ባለ አበባ መጋረጃ ነው። ያንኳኳሁት የመቃኑን እንጨት ነበር።

«ማነው?» አለ አባቴ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ከሆንሽ ምን ያስቆምሻል? ግቢ እንጂ!»

ገብቼ ትሪውን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጥኩና ሁለት እጄን ከፊቴ አጣምሬ፣ «ሌላ የሚፈልጉት ነገር ይኖራል?» አልኩት። አባቴን በሕይወቴ አንቱ ብዬው አላውቅም። እሱም ከልጆቹ አንቱታ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አንገቱን ሰገግ አድርጎ ከኋላዬ ሰው መኖር አለመኖሩን አየ። «ማንን ነው የምታናግሪው?» አለኝ። ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከክፍሉ ስወጣ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ያን ጥያቄ እኔ አስቤ አልጠየቅኩትም። አፌ በራሱ ጊዜ ነው የተናገረው።

ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። እዚያ ሃውስኪፒንግ ይሉታል። ከአቃቂ በሰቃ የሄድን ልጆች ለቤተሰብ ስናወራ «ሆቴል ነው የምሠራው» ብለን እናልፈዋለን። ጎረቤት መግቢያው ላይ ቆመን ለእንግዳ ቁልፍ የምንሰጥ ይመስለዋል፤ እንዲመስለውም እንፈልጋለን። ሥራው ሽንት ቤት መፈተግ፣ አንሶላ መቀየር፣ የሰው ጠጉር ከመታጠቢያ ገንዳ መልቀም ነው። ይህን ለመናገር አላፍርም። የማፍረውና የምፈራው ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ የወሰዱብኝ ስሜን ነው። ለእንግዶች ይከብዳል ተባለና ባጭር ስም ተተክቶ ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ቀጥሎ ድምፄን ወሰዱት። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሥር ቆሞ ያረጀ ሰው ነው፤ ግራ ጆሮው ከጩኸቱ ብዛት ደንቁሯል። ስለዚህ በእኛ ቤት «ጨው አቀብዪኝ» እንኳን የሚባለው እንደ ጠብ ተጮሆ ነው። እንዲህ ያደግኩትን ልጅ ሱፐርቫይዘሯ ኮሪደር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ድምፅ!» ትለኝ ነበር። በዓመቱ እኔ ራሴ እንኳን የማልሰማው ድምፅ አወጣሁ።

ከዚያ ፊቴን ወሰዱት። መስታወት ፊት አሰልፈው ፈገግታ አስተማሩን። ከልብ መምጣት አይጠበቅበትም፤ ቶሎ መምጣት ብቻ ነው ያለበት። እንግዳ ድንገት ሲመጣ ግድግዳ ተጠግተሽ ቆመሽ ፈገግ ትያለሽ። እንግዳ ተቆጥቶ ሲጮህ ደግሞ መልስ የሚባል ነገር የለም፤ ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ፈገግታሽን ሳታጠፊ፣ ጮሆ እስኪጨርስ ትጠብቂያለሽ። ይህችን ሕግ ያዙልኝ። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

በሦስተኛው ዓመቴ እናቴ ሞተች። በአገራችን ወግ ለስደተኛ መርዶ በስልክ አይነገርም። የአገር ልጆች ተሰብስበው፣ በጠዋት፣ ሥራ ሳትገባ ነው የሚያረዷት። ታናሽ እህቴ ግን አልቻለችም፤ ደወለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። አንሶላ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሰማኋት። ዘጠኝ ክፍል ይቀረኝ ነበር። ዘጠኙንም አነጠፍኩ። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ የነበሩ አንዲት አሮጊት እንግዳ ፈገግታዬ ቀናቸውን እንዳበራላቸው ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው። ያን ዕለትም አላለቀስኩም፣ በሳምንቱም አላለቀስኩም። እንባው አንድ ቦታ ታግዶ ነው፣ አገሬ ስገባ ይወርዳል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በዚህ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬ ስገባ፣ በመጀመሪያው እሁድ መቃብሯ ላይ ወሰዱኝ። እህቴ ክንዴን ይዛ ተንሰቀሰቀች። ጎረቤቶቻችን ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ጠበቁ። ፊቴ ደረቅ ነበር። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ትከሻዬን ከፍ ዝቅ አደረግኩ፤ ያለቀስኩ አስመሰልኩ። ከእናቴ መቃብር ፊት ሰው እንዳስተናገድኩ የገባኝ ታክሲ ውስጥ ነው። 

ፍርሃቴ እንግዲህ ይህ ነበር። አባቴ እየሞተ ነው። ልቡ ደክሞ ተጋድሞ መተኛት አቅቶታል፤ ሦስት ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ነው የሚያንቀላፋው። ሐኪሙ እህቴን ለብቻዋ ጠርቶ «በቅርብ ሁኑ» ብሏታል። እኔ ደግሞ አባቴ ሲሞት የማላለቅስለት መሰለኝ። እሱን ማጣቱ አንድ ነገር ነው፤ እሱን አጥቼ ፈገግ ብዬ መቆሜ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ትራሱ ላይ ተደግፎ ሲያንቀላፋ ቆሜ እያየሁት፣ ሳላስበው፣ ይህ ክፍል ተጸድቶ ለመዘጋጀት ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብዬ አሰላሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ግቢው በር ላይ ተቀመጥኩ። ማዶ ኮዬ ፈጬ ላይ የሚሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ይታያሉ፤ ክሬኖቹ ሲዞሩ እያየሁ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅኩ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ አባቴ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። እህቴ ቂሊንጦ በኩል አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ያን ጠዋት ተራዋ አልነበረምና እኔ ልውሰደው አለች። ማለዳ ባጃጅ ግቢ ድረስ መጣ። አባቴ በሁለት ሰው ተደግፎ፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው የገባው። ሰፈሩ ሲወጣ አየው። እኔ ቤቱን አዘጋጅቼ ልጠብቅ ቀረሁ።

ሆቴል ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ ክፍል ባዶ እስኪሆን ዕቃው በሙሉ ይወጣና ከጣሪያ እስከ ወለል ይታጠባል። እኔም እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ፍራሹን ጎትቼ አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። ብርድ ልብሶቹንና ሦስቱን ትራሶች ገመድ ላይ ሰቀልኩ። አልጋውን ፈታትቼ እንጨቱን ግድግዳ ሥር ደረደርኩ። ወንበሮቹን፣ ጠረጴዛውን፣ ጫማውን፣ ኮቱን ሁሉ ግቢ አወጣሁ። መጋረጃውንም አወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከመጣሁ ወዲህ እጄ የሚያውቀውን ነገር ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር።

አልጋ ሲፈርስ፣ ፍራሽ ሲወጣ፣ ክፍል ባዶ ሲሆን በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሰው ሲሞት ለቅሶ ደራሽ የሚቀመጥበት ቦታ እንዲገኝ መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ነው። እኔም ሳልሄድ በፊት በስንቱ ለቅሶ ቤት ዕቃ ያወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ያን ጠዋት ግን ያቺ ልጅ ቤት አልነበረችም።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከእናቴ ጋር አብረው ያረጁት ጎረቤታችን በአጥሩ ክፍተት ወደ ግቢያችን አዩ። እትዬ ነው የምላቸው። ማለዳ አባቴ ተደግፎ ሲወጣ አይተዋል፤ አሁን ደግሞ ፍራሹን አዩ።

«ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!» ብለው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

በአንድ እጄ መወልወያ፣ በሌላው ውሃ የነካ ጨርቅ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ከፊቴ አንድ ሰው ይጮሃል። የሆነውን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፤ ገላዬ ቀድሞኝ ነበር። ጨርቁን ጣልኩ፣ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ ግድግዳውን ተጠጋሁ፣ ፈገግ አልኩ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«ልጄ፣ መቼ ነው? መንገድ ላይ ነው? ሳይደርስ ነው?» አሉኝ። ፈገግ እንዳልኩ ነበርኩ። ዝምታዬን መልስ አድርገው ወሰዱት። ጩኸታቸውን ደገሙት። ባለሱቁ፣ ከጥግ ያለው የስልጤ ሰው፣ የሱቁን በር ግማሽ ድረስ አውርዶ «ኢናሊላሂ» እያለ እየሮጠ መጣ፤ አባቴ በየማታው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ያወጋው ነበር። የሴቶች አንድ ለአምስት ሰብሳቢዋ መጣች። ሌሎችም መጡ። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ለማሳለፍ ወደ ግድግዳው ጠጋ እላለሁ፣ ፈገግ እላለሁ። ከገቡት አንዷ ፊቴን አይታ ለቅሶዋ አፏ ላይ ደረቀ።

«አባቴ ሐኪም ቤት ነው» አልኩ በመጨረሻ። ሁለት ጊዜ አልኩት። ነገር ግን በሆቴሉ ድምፅ ነበር የተናገርኩት። በለቅሶ መሃል ያን ድምፅ ማን ይሰማዋል? መጮህ ፈለግኩ። አልወጣልኝም። አንድ ሰው አፌን በመዳፉ የያዘኝ ያህል ነበር፤ ያን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

የእድሩ ሰዎች የድንኳን ብረት ተሸክመው በሩ ላይ ሲደርሱ ባጃጁ መጣ። አባቴ በእህቴ ትከሻ ተደግፎ ወረደ።  ብረቱን አየ፣ የተፈታታ አልጋውን አየ፣ ገመድ ላይ የተሰቀለ ትራሱን አየ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ጮክ ብሎ።

እትዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ባለሱቁ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ነገሩ ሲገባው ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉን ዋጥ አድርጎ ደግሞ ሳቀ። ከዚያ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ግድግዳ ሥር ነኝ። እጄ ደረቴ ላይ ነው። ፈገግ ብያለሁ። ሳቁን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። «አባቷ ሞተ ሲባል ስትስቅ ነበር» የሚለው ወሬ ሱቁንም ወፍጮ ቤቱንም አዳረሰ። ወሬ ነው ብዬ እንዳልቆጣ እውነት ነው። እትዬ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። አረብ አገር ሄዳ ስንቷ ናት ተነክታ የመጣችው። ጠበል ብትገቢ ምን ይመስልሻል?»

«ደህና ነኝ እኮ እትዬ» አልኳቸው። ይህንንም ስል ፈገግ ብዬ ነበር። እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

ያን ቀን ከመስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ፊት ፈለግኩ። ሲከፋኝ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ቅንድቤን ሰበሰብኩ፣ ከንፈሬን ጣልኩ። አልመጣም። ምናልባት እትዬ ልክ ናቸው፣ ምናልባት የመጣሁት እኔ አይደለሁም አልኩ። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

አባቴ ስለ ረቡዑ ምንም ሳይለኝ ሰነበተ። ለመሄድ አራት ቀን ሲቀረኝ ግን ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘ።

«ከፋብሪካው ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ምን ሆኜ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ጣቴ ክር ይፈልግ ነበር። የተበጠሰ ክር። እናትሽ ጠጉሯን ስትፈታ ጣቴ ሳላዘው ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የፊተኛውን ሰው ጋቢ ጥለት እቆጥራለሁ። አበድኩ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ታዲያ እንዴት ለቀቀህ?»

«እንጃ። አንድ ቀን ልብ ስል የለም።» እጄን ሳይለቅ ቀጠለ። «ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ። ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስንት ሰው ሲያለቅስልኝ አየሁ፤ ደስ አለኝ ብልሽስ? አንቺን ሳይ ግን ፈራሁ። ልጄን አላገኘኋትም።»

 አባቴ የሚፈራውና እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው። አልሄድም፣ እዚሁ እሆናለሁ አልኩት። «መድኃኒቱን በምን እንገዛዋለን?» አለኝ። 

ከመሄዴ በፊት በነበረው ጠዋት ቁርሱን ይዤ እንደ ልማዴ መቃኑን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ማንኳኳቴን ለምዶት ነበር፤ ሊያሾፍብኝ እንደ እንግዳ «ይግቡ!» እያለ ይመልስልኛል። ያን ጠዋት አልመለሰም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እስከ አምስት ቆጠርኩ። ደግሜ አንኳኳሁ። ዝም።

ሆቴል ውስጥ መልስ የማይሰጥ ክፍል ደስ ይላል። እንግዳው ወጥቷል ማለት ነው፤ ከፍተሽ ትገቢያለሽ፣ አንሶላውን ገፈሽ ትሠሪያለሽ። ስድስት ዓመት በዝምታ ላይ በር ከፍቻለሁ። ያቺን መጋረጃ ግን መግለጥ አቃተኝ።  ከመጋረጃው ወዲያ ምን እንዳለ አወቅኩ። ፈገግ እንዳልል ፈራሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላውቅም።

«አባዬ!»

ትሪው ወደቀ። «አባዬ! አባዬ!» ድምፁ ከየት እንደወጣ አላውቅም። የሆቴሉ ድምፅ አልነበረም። ለደነቆረ ጆሮ ጨው አቀብለኝ ስል ያደግኩበት፣ አቃቂን ከዳር እስከ ዳር የሚያሰማ ድምፅ ነበር። መጋረጃውን ከነሽቦው ነቅዬ ገባሁ።

አባቴ ደንግጦ ከትራሱ ላይ ቀና አለ። ያን ጠዋት አንገቱ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ደህናው ጆሮው ትራሱ ውስጥ ገብቶ፣ ጥሩ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። «ምን ሆንሽ! ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» አለ።

እግሩ ሥር ተደፋሁ። እንባዬ ብርድ ልብሱን አረጠበው። ንፍጤ ወረደ። አስቀያሚ ነበርኩ፤ ድምፄም አስቀያሚ ነበር። ለእሱ ጀምሬ ለእናቴ አለቀስኩ፤ ስለ ዘጠኙ ክፍሎች ነገርኩት፤ ስለ መቃብሩም ነገርኩት። እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እንኳን ሳያደርጉ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡና መቃኑን ይዘው ቆሙ። ይህችን ጩኸት አውቀዋታል፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

አባቴ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ፣ «ምንም አልሆነም። ልጄ መጥታ ነው» አላቸው።

በማግስቱ ሄድኩ።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ለሥራ ልብሴን ለብሼ የሰጡኝን አጭር ስም ደረቴ ላይ ስለጥፍ፣ የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ያለው የክፍሌ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። እኛ ስናንኳኳ ከኋላው ሁልጊዜ የምንለው «ሃውስኪፒንግ» የሚል ቃል አለ። ቃሉ አልመጣም። እስከ አምስት ቆጠርኩ። ቆጥሬ ስጨርስ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፤ ካልከፈትኩት መርዶው አይገባም ብዬ ነበር።

ስከፍተው የአገሬ ልጆች ቆመዋል፤ ከልብስ ማጠቢያውና ከወጥ ቤቱ አራት ሴቶች፣ በዩኒፎርማቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው።  

ቀኝ እጄ ወደ ደረቴ ሲነሣ አየሁት። በራሱ ጊዜ ነው የተነሣው፤ እኔ አላዘዝኩትም። የፊቴ ቆዳም ሲሳብ ተሰማኝ። በእማምላክ፣ አሁን አይደለም አልኩ። እጄን በሌላው እጄ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት፤ ያ ስም የተጻፈበትን ነገርም አብሬ በጠስኩት።

«አባዬ!»

በየክፍሉ በር ተከፈተ። ከእኛው ፎቅ የምትኖረው ሱፐርቫይዘሯ እየሮጠች መጣች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «ድምፅ! ድምፅ!» አለችኝ።

ዓይኗን እያየሁ ካለፈው አብልጬ ጮህኩ።